ለ«አራውዝ» የትኛው መዝገበ ቃላት ይሻላል? የነጻ ድረ ገጾች ፍተሻ

ስሜት ማነሳሳት፣ መቀስቀስ። የእንግሊዝኛውን «አራውዝ» (arouse) ትርጉም ለጠየቀ ሰው ሁሉም መዝገበ ቃላት ይህንኑ ይመልስለታል፤ መልሱም ትክክል ነው። ጣጣው የሚመጣው ግሱን ይዞ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ነው። የአማርኛው «ቀሰቀሰ» ብዙ ሥራ ይሠራል፦ ልጅ ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል፣ ቁጣ ይቀሰቀሳል፣ የቆየ ሕመም ይቀሰቀሳል፣ ፓርቲ ለምርጫ ይቀሰቅሳል፣ ዜማ ትዝታ ይቀሰቅሳል። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ ሌላ ግስ አለው። «አራውዝ» ያለ ጥርጥር ቦታው የሆነው ከአምስቱ ለቁጣው ነው። ለእንቅልፉ «ዌክ አፕ»፣ ለሕመሙ «ፍሌር አፕ»፣ ለምርጫው «ካምፔይን»፣ ለትዝታው «ኢቮክ» ይቀድሙታል። ጠዋት ወንድሙን መቀስቀሱን በ«አራውዝ» የጻፈ ሰው የሰዋስው ስህተት አልሠራም፤ አንባቢው ግን ደንገጥ ይላል፣ ወይም ይስቃል። ይህ ግስ ሰውን በቀጥታ ተሳቢ ሲያደርግ በዛሬው እንግሊዝኛ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የወሲብ ስሜት መቀስቀስ ነውና።

ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ትርጉም ሰጠ አልሰጠ ብለን አልመዘንም። የጠየቅነው ግሱ የትኞቹን ስሞች ተሳቢ አድርጎ እንደሚይዝ ያሳያል ወይ፣ ተሳቢው ሰው ሲሆን ትርጉሙ እንደሚለወጥ ያስታውቃል ወይ፣ ከመንትያው ከ«ራውዝ» (rouse) ለመለየት ይረዳል ወይ፣ አነባበቡን ያሰማል ወይ የሚለውን ነው። ሁሉም ያለ ገንዘብ ይከፈታሉ፤ የአብዛኞቹ ዋጋ ማስታወቂያውን መታገስ ነው። ፍርዱን አስቀድሞ ለሚፈልግ፦ ለሚጽፍ ሰው ሎንግማን፣ ለሚናገር ሰው ኦክስፎርድ፣ ጥርጣሬውን በብዙ ምሳሌ ማጥራት ለሚፈልግ ስኬል (SkELL) የተባለው የምሳሌ መፈለጊያ። መሪያም ዌብስተር እጅግ የተከበረ ሥራ ቢሆንም በዚህ ግስ ላይ ጀማሪን ያሳስታል።

ሎንግማን ቀዳሚነቱን ያገኘው በአቀራረቡ ነው። የመጀመሪያውን ፍቺ የሚጀምረው በደማቅ በተጻፈ የቃላት ጥምረት ነው፤ ማብራሪያው ከዚያ ይከተላል። «አራውዝ» ከ«ኢንተረስት» እና ከ«ኤክስፔክቴሽንስ» ጋር ተጣምሮ ይቀመጣል፤ ፍላጎትና ተስፋ የሚያሳድረው ማለት ነው። ሁለተኛው ፍቺ ደግሞ ለብቻው «ሆስቲሊቲ»፣ «ሰስፒሽን»፣ «ሪዘንትመንት» እና «አንገር»ን ይይዛል፤ ጥላቻ፣ ጥርጣሬ፣ ቅሬታና ቁጣ። የወሲቡ ትርጉም ሦስተኛ ነው። ከእንቅልፍ መቀስቀስ በመጨረሻ ይመጣል፣ የሥነ ጽሑፍ አነጋገር መሆኑም ተጽፎበታል። ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት ነው። ሎንግማን ፍቺዎቹን የሚጽፈው ወደ 2000 በሚጠጉ የተመረጡ ቀላል ቃላት ስለሆነ፣ አንዱን ፍቺ ለመረዳት ሌላ ቃል ፍለጋ መሄድ እምብዛም አያስፈልግም።

እንከኑ ከታች ያለው ነው። ከፍቺዎቹ በኋላ ከኮርፐስ፣ ማለትም ከተሰበሰበ ትልቅ የጽሑፍ ክምችት፣ የተወሰዱ ምሳሌዎች ይደረደራሉ። እነዚህ ከላይ ፍቺው ሥር እንዳሉት ምሳሌዎች ለተማሪ ተብለው የተቃኑ ስላልሆኑ፣ ያለ ዐውዳቸው ተቆርጠው የቀሩና ግራ የሚያጋቡ ይገኙባቸዋል። ለመቅዳት ከላይ ያሉት ይሻላሉ።

ኦክስፎርድ፣ ለተማሪዎች የተዘጋጀው ማለታችን ነው፣ በፍቺ አደረጃጀት ከሎንግማን ብዙም አይርቅም። ስሜትን ማሳደር መጀመሪያ ይመጣል፣ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ወደ መጨረሻ ተገፍቷል። በየፍቺው መጀመሪያ ላይ ተሳቢው «ነገር» ነው ወይስ «ሰው» የሚል ምልክት አለ፤ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፣ ለዚህ ግስ ግን ከፍቺው እኩል ዋጋ አለው። ተሳቢው ስሜት ወይም አመለካከት ሲሆን «ነገር»፣ የወሲቡና የእንቅልፉ ትርጉም ሲሆን «ሰው» ይላል። ያንን ብቻ ያየ ሰው ከላይ ያነሣነውን ስህተት አይሠራም።

ኦክስፎርድን ያስመረጠን ግን ድምፁ ነው። ከቃሉ ሥር የግሱን ቅርጾች የሚዘረዝር ሳጥን አለ፤ ሲከፈት እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ የድምፅ ምልክት አለው። መሠረታዊው «አራውዝ»፣ ለሦስተኛ መደብ «አራውዚዝ»፣ ላለፈ ጊዜ «አራውዝድ»፣ ቀጥሎ «አራውዚንግ»። የፊደል አጻጻፉን ተከትሎ መጨረሻውን «ስ» ብሎ የሚያነብ ብዙ ነው፤ ድምፁ ግን «ዝ» ነው፣ በሁሉም ቅርጾቹ። ጫናው በሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል፤ መነሻዋ «አ» ደከም ብላ ታልፋለች። አንድ የምታምታታ ነገር፦ በኦክስፎርድ ሰማያዊው ድምፅ ማጉያ የብሪታንያ፣ ቀዩ የአሜሪካ ሲሆን በሎንግማን ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚሰማ ሰው አንዱን አነባበብ ለሌላው እንዳይሰጥ ልብ ይበል።

ድምፁን መስማት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። «አራይዝ» የሚባለው ግስ ኃላፊ ጊዜው «አሮዝ» (arose) ነው፤ በጽሑፍ ከ«አራውዝ» የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው፣ የፊደል ማረሚያ ፕሮግራምም ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። በጆሮ ግን አይምታቱም፦ «አሮዝ» ከአበባው «ሮዝ» ጋር ቤት ይመታል። በሥራቸው ልዩነታቸው እንደ «ተነሳ» እና «አነሳሳ» ነው። ጥያቄ፣ ችግር ወይም አለመግባባት ራሱ ሲነሳ «አራይዝ»፤ አንድ ነገር በሰው ውስጥ ስሜት ሲያነሳሳ «አራውዝ»። የመጀመሪያው ተሳቢ አይፈልግም፣ ሁለተኛው ያለ ተሳቢ አይቆምም። «ቁጣው አራውዝድ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ወይ ማን ቀሰቀሰው የሚለው ይጨመራል፣ ወይ በተደራጊ «ዎዝ አራውዝድ» ይባላል።

ኮሊንስ ሌላ መንገድ ይከተላል። ኮቢልድ የሚባለው መዝገበ ቃላቱ በ1987 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ ያመጣው አዲስ ነገር ቃሉን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መፍታት ነበር፤ «አንድ ነገር በሰው ውስጥ ይህን ስሜት ቢቀሰቅስ…» ብሎ ይጀምርና ቃሉን በተፈጥሮ ቦታው ላይ ያሳየዋል። ለ«አራውዝ» ይህ ስልት በጣም ተስማምቶታል፣ አድራጊው አብዛኛውን ጊዜ «ነገር»፣ ተሳቢውም «ስሜት» መሆኑ ከፍቺው አወቃቀር ይታያልና። ወሲባዊው ትርጉምም በተደራጊ መልክ ስለቀረበ «አራውዝድ» የሚለው ቃል ለሰው ቅጽል ሲሆን ምን እንደሚል ይገባል። ጉድለቱ የገጹ መጨናነቅ ነው። ከኮቢልዱ ሥር ለብሪታንያ ተናጋሪዎች የተጻፈው፣ ከዚያ ደግሞ የአሜሪካው ይከተላል። ተማሪ የኮቢልዱን አንብቦ ቢዘጋው ይበቃዋል።

ካምብሪጅ ላይ ብዙ የምንለው የለም። ፍቺው አጭርና ንጹሕ ነው፣ በስልክ ቶሎ ይከፈታል፣ ሁለት መስመር አንብቦ ወደ ሥራው ለሚመለስ ሰው በቂ ነው። ከታች የሚመጡት በማሽን የተመረጡ ምሳሌዎች የአዘጋጆቹን አስተያየት እንደማይወክሉ ራሱ ገጹ ያሳስባል፤ ማሳሰቢያውን ቁም ነገር አድርጎ መውሰድ ነው።

ወደ መሪያም ዌብስተር ስንመጣ፣ ችግሩ የስህተት ሳይሆን የሥርዓት ነው። ይህ መዝገበ ቃላት ፍቺዎችን የሚደረድረው በታሪክ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው ትርጉም አንደኛ ይሆናል። «አራውዝ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1590ዎቹ ሲሆን፣ ከነባሩ «ራውዝ» ላይ «አ» ተጨምሮበት «አራይዝ»ን በመሰሉ ግሶች አምሳያ የተሠራ ነው። የዚያን ጊዜ ትርጉሙ ከእንቅልፍ መቀስቀስ ስለነበር በገጹ ላይ አንደኛ ቁጥር የያዘው ይኸው ነው። የቁጥሩን ትርጉም የማያውቅ አንባቢ «አንደኛ ማለት ዋናው ማለት ነው» ብሎ ይወስደዋል፣ የአማርኛው «ቀሰቀሰ» ደግሞ ይህን ግምት ያጸናለታል፤ ሁለቱ ተደምረው ጠዋት ወንድሙን በ«አራውዝ» ወደሚቀሰቅስበት ስህተት ይወስዱታል።

ይሁንና መሪያም ዌብስተር ሌሎቹ ያልሰጡትን አንድ ነገር ይሰጣል። ሁለተኛው ፍቺው ሰውነት ለተግባር የሚዘጋጅበትን ሁኔታ ይጠቅሳል። ሥነ ልቦና ወይም ሕክምና የሚያነብ ሰው «አራውዛል» የሚለውን ስም የሚያገኘው በዚህ ትርጉም ነው፦ የንቃት፣ የሰውነትና የአእምሮ መነቃቃት ደረጃ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዬርክስና ዶድሰን በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት የተነሳ በስማቸው የሚጠራው ሕግ፣ መነቃቃት ሲጨምር ብቃት እስከ አንድ ደረጃ ይጨምራል፣ ከዚያ ይወርዳል ተብሎ ሲጠቀስ ቃሉ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ወሲብን የሚያስታውስ ተርጓሚ የመማሪያ መጽሐፍ ያበላሻል።

አሁን ወደ ስኬል። ይህ ስኬች ኢንጂን የተባለው የኮርፐስ መሣሪያ አዘጋጆች በነጻ ያቀረቡት መፈለጊያ ነው። ትርጉም አይሰጥም፤ ምዝገባም አይጠይቅም። ቃሉን ስታስገቡ ሦስት ክፍሎች ይቀርባሉ፦ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች፣ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ተመሳሳይ ቃላት። ለዚህ ግስ የሚጠቅመው መካከለኛው ነው፣ ተሳቢዎቹን ለይቶ ያወጣቸዋልና። ጥርጣሬ፣ የማወቅ ጉጉትና ፍላጎት የግሱ የዘወትር ባልደረቦች ናቸው። እንዲህ ያለው ዝርዝር «ትክክል ነው?» ለሚለው ሳይሆን «ሰዎች እንዲህ ይላሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፣ ጸሐፊን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀውም ሁለተኛው ነው።

አጠቃቀሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው። «የሪፖርቱ መዘግየት በባለአክሲዮኖች ዘንድ ጥርጣሬ አጫረ» የሚለውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ፈልጋችኋል እንበል። ከግሱ አትጀምሩ፤ ከስሙ ጀምሩ። «ሰስፒሽን» የሚለውን በስኬል ወይም በኦክስፎርድ የጥምረቶች መዝገበ ቃላት ፈልጉና ከፊቱ የሚመጡትን ግሶች ተመልከቱ፤ «አራውዝ» እና «ሬይዝ» ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ቁጥሩን አረጋግጡ፦ በጥቅሉ ጥርጣሬ ሲባል ነጠላ ነው፣ የእነ እገሌ ጥርጣሬ ተብሎ ባለቤት ሲጠቀስ ግን ብዙ ጊዜ ብዙ ቁጥር ሆኖ «ሰስፒሽንስ» ይባላል። ከዚያ መስተዋድዱ፦ በብዙ ሰዎች መካከል ከሆነ «አመንግ»፣ በአንድ ሰው ውስጥ ከሆነ «ኢን»። በመጨረሻ ተደራጊውን ሞክሩ። ጥርጣሬን ማን እንዳጫረው ሳይሆን መቼ እንደተጫረ ሲነገር እንግሊዝኛ ተደራጊውን ይወዳል፤ «ጥርጣሬያቸው የተጫረው ሰነዱ ሲጠፋ ነው» እንደማለት። ከስም ወደ ግስ የሚደረገው ይህ ፍለጋ ከግስ ወደ ስም ከሚደረገው ይልቅ ስህተት ይቀንሳል፣ ጸሐፊው ቀድሞ የሚያውቀው ስሜቱን እንጂ ግሱን አይደለምና።

በዚሁ መንገድ ሲፈተሹ የሚወድቁ ጥምረቶችም አሉ፣ የትኛውም መዝገበ ቃላት በ«አራውዝ» ገጽ ላይ «ይህን አትበሉ» ብሎ አይዘረዝራቸውም። ግንዛቤ ማሳደግ «ሬይዝ» ነው፤ «አራውዝ» ከ«አዌርነስ» ጋር ሲጻፍ ማየት የተለመደ ስህተት ነው። ጥያቄ ማጫርም «ሬይዝ» ነው። ችግር መፍጠር «ኮዝ»። ደስታ ደግሞ በዚህ ግስ አይቀሰቀስም ማለት ይቻላል፤ «ብሪንግ» ይሻለዋል። ክርክርና ውዝግብ ግን ስሜት ባይሆኑም ግሱ በደንብ ይይዛቸዋል። እዚህ ጋ አመክንዮ መፈለግ አያዋጣም፣ ጥምረቱን እንዳለ መያዝ ነው።

ጎረቤት ግሶችን በመለየት ረገድ ሁሉም ደካማ ናቸው። የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ይሰጣሉ እንጂ የትኛው የት እንደሚገባ እምብዛም አይናገሩም፣ ያንን ዝርዝር እንደ ምትክ መጠቀም ደግሞ አደገኛ ነው። «ራውዝ» ሰውን ይይዛል፦ ከእንቅልፍ ማንቃት፣ ሕዝብን ለተግባር ማነሳሳት። ልብ የሚያነሳሳ ንግግር «ራውዚንግ ስፒች» ይባላል፤ እዚያው ላይ አንዲት «አ» ጨምሮ «አራውዚንግ» ያለ ሰው ተናጋሪውን አሳፍሮታል። «ፕሮቮክ» መተናኮስ አለበት፤ ምላሽን የሚጎትት፣ ብዙ ጊዜም መጥፎ ምላሽን። «ኢንሳይት» ወደ ሕግ ቋንቋ ያደላል፦ ሰውን ለሁከት ወይም ለወንጀል ማነሳሳት፤ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ውስጥ በ«አራውዝ» መተካቱ ክሱን ያለሰልሰዋል። «ኢንፍሌም» ከዜሮ አይጀምርም፤ ቀድሞ ያለ ቁጣን ወይም ውጥረትን ያባብሳል። «ስተር አፕ» ደግሞ ሆን ብሎ ነገር የሚቆሰቁስ ሰው አለ የሚል ወቀሳ ይዟል። «አራውዝ» ከእነዚህ ሁሉ ገለልተኛው ነው፦ ቀስቃሹ ሳያስበውም ሊቀሰቅስ ይችላል፣ የሚቀሰቀሰውም ርኅራኄ ሊሆን ይችላል፣ ጥላቻም። ለዜና ጸሐፊ ይህ ገለልተኝነት ጠቃሚ ነው።

ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። ነጠላ ቃል አስገብቶ የመጣውን መቀበል ለዚህ ግስ የሚሆን አጠቃቀም አይደለም፤ ማሽኑ ተሳቢውን ካላየ የሚመርጠው በግምት ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ተሳቢው በግልጽ የተጻፈበት፣ አስገቡ። የወጣውን እንግሊዝኛ ገልብጣችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። በዚህም አትርኩ፣ በሁለቱም አቅጣጫ «ቀሰቀሰ» ሊመላለስና ስህተቱ ሊደበቅ ስለሚችል፤ እንግሊዝኛው ላይ የተቀመጠውን ግስ ወስዳችሁ ሎንግማን ላይ ተሳቢውን አረጋግጡ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወረቀት ለሚመርጥ፣ በ1973 የታተሙ ሁለት ሥራዎች ዛሬም ይጠቅማሉ፦ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም የዎልፍ ሌስላው ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት። የሌስላው ስልት፣ የእንግሊዝኛውን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መመለስ፣ እንደ «አራውዝ» ላለ በተሳቢው ለሚለዋወጥ ግስ ከድረ ገጾቹ ብዙዎቹ ያልደረሱበት ነው። የእንግሊዝኛው ዘመን ግን የ1970ዎቹ መሆኑን አስቡ።

የቆዩ የመማሪያ ጽሑፎች የሚመሯችሁ ሁለት አድራሻዎች አሁን አገልግሎት አይሰጡም። የኦክስፎርድን ይዘት ያቀርብ የነበረው ሌክሲኮ በነሐሴ 2022፣ የማክሚላን መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ደግሞ በሰኔ 2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተዘግተዋል። የሌክሲኮ አድራሻ ወደ ዲክሽነሪ ዶት ኮም እንዲያሻግር ስለተደረገ፣ በዚያ በኩል ገብታችሁ ያገኛችሁትን ፍቺ የኦክስፎርድ ነው ብላችሁ አትጥቀሱት።